የይስሙላው መሣሪያና የገጠመው አጥንት፦ በሼፊልድ የተካሄደ የመግነጢሳዊ ምት ሕክምና ሙከራ የጉዳይ ጥናት

በሜይ 1984 ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ከሼፊልድ ከተማ የደረሰውን አንድ አጭር ዘገባ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባው የሚናገረው ስለ 16 ሰዎች ብቻ ነበር። ሁሉም የቅልጥም አጥንታቸው ከተሰበረ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያለፈው፣ አጥንታቸው ግን አልገጥም ያላቸው ታማሚዎች ነበሩ። ለ9ኙ በምት በምት መግነጢሳዊ መስክ የሚያመነጭ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ለ7ቱ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ምንም የማይለይ፣ ነገር ግን ሕክምናው የሚጠይቀውን መስክ የማይሰጥ የይስሙላ መሣሪያ ተሰጣቸው። ከ24 ሳምንታት በኋላ ውጤቱ ሲታይ፣ ትክክለኛውን መሣሪያ ከተጠቀሙት 9 ሰዎች የ5ቱ አጥንት ገጥሞ ተገኘ። የይስሙላውን ከተጠቀሙት 7 ሰዎችም የ5ቱ አጥንት ገጥሞ ተገኘ።

ይህን የቆየ ጉዳይ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው ሕክምናው ከአጥንት ሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደየቤቱ ስለገባ ነው። ፒኢኤምኤፍ በሚለው ምሕጻር የሚታወቀው ይህ ዘዴ ዛሬ በምንጣፍ፣ በትራስና በቀለበት መልክ እየተዘጋጀ ለጉልበት ሕመም፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ለድካም፣ ለደም ዝውውርና ለሌላም ብዙ ነገር ይሸጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር ወገናችን ጉልበቷን ለሚያማት እናቱ አንዱን ለመግዛት ሲያስብ፣ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃውን የሚጀምረው ከአጥንት ነው፤ «የተሰበረ አጥንት እንደሚያስገጥም በመንግሥት የተረጋገጠ ነው» ይለዋል። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው። የቀረውን ከፊል ለመረዳት ግን የሼፊልዱን ሙከራ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከዚያ የበለጠ የሚያስተምር ጉዳይ የለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ነገሩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው። ኢዋኦ ያሱዳ የተባሉ የኪዮቶ የአጥንት ሐኪም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አጥንት ሲጫኑት ወይም ሲያጎብጡት ጥቂት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እንደሚያመነጭ አስተዋሉ፤ በ1957 ደግሞ ከፊዚክስ ባለሙያው ከኤይቺ ፉካዳ ጋር ሆነው ይህን ጠባይ በልኬት አስደግፈው አሳተሙ። አጥንት ጫና በበዛበት በኩል እንደሚጠነክርና ጫና ባጣበት በኩል እንደሚሳሳ ሐኪሞች ቀድሞም ያውቁ ስለነበር፣ በጫናና በእድገት መካከል ያለው መልእክተኛ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት ብዙዎችን ማረከ። ጫናው የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ከውጭ መስጠት ከተቻለ፣ መዳን ያቆመውን አጥንት መቀስቀስ ይቻል ይሆናል ማለት ነው።

በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ተመራማሪ የነበሩት አንድሩ ባሴት ይህን ሐሳብ ይዘው አንድ ወሳኝ እርምጃ ሄዱ። ቀደም ሲል ኤሌክትሪክ ወደ አጥንት የሚደርሰው ሽቦ በቀዶ ሕክምና ተቀብሮ ነበር። ባሴት ከሮበርት ፓውሉክና ከአርተር ፒላ ጋር ሆነው ሽቦውን ከሥጋ ውስጥ አውጥተው ከቆዳ ውጭ አደረጉት። በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ይህ መስክ ደግሞ ያለ ምንም ንክኪ ቆዳውንና ጀሶውን አልፎ በአጥንቱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ይቀሰቅሳል። ሕጉ ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያገኙት ነው፤ ትራንስፎርመርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እነባሴት በውሾች ላይ ያገኙትን ውጤት በ1974 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ካሳተሙ በኋላ ወደ ሰዎች ተሻገሩ፤ በ1979 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) መሣሪያው ላልገጠመ ስብራት እንዲውል ፈቀደ።

ለታማሚው ሕክምናው ይህን ይመስል ነበር። በስብራቱ ግራና ቀኝ፣ በጀሶው ላይ፣ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ፊት ለፊት ይታሰራሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ወደሚገናኝ ሣጥን ይሄዳል። ሣጥኑ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል አጫጭር የምት ጥቅሎችን ይልካል፤ መስኩ ከፍ በሚልበት ቅጽበት ጥንካሬው ወደ 2 ሚሊቴስላ ይደርሳል (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ሚሊቴስላ የእርሱ አንድ ሺኛ ነው)፤ ይህም ከምድር መግነጢሳዊ መስክ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ፣ በሆስፒታል ኤምአርአይ ውስጥ ካለው ግን በብዙ መቶ እጥፍ የሚያንስ ነው። በአጥንቱ ውስጥ የሚቀሰቀሰው ኤሌክትሪክ በሴንቲሜትር አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው። ታማሚው ይህን በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ሳለ፣ ለወራት ይጠቀማል። ሙቀት የለውም፤ መንዘርም የለውም፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ይህ የመጨረሻው ነገር ኋላ ላይ ለሙከራው ትልቅ ዕድል ሆነ፤ ምክንያቱም የሚሠራውን ከማይሠራው ታማሚው በስሜቱ ሊለይ አይችልም።

87 በመቶ

ባሴትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1981 ባሳተሙት ሥራ የቅልጥም አጥንታቸው ያልገጠመ 125 ታማሚዎችን ውጤት አቀረቡ፤ የተሳካው 87 በመቶ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ያልተሳካ፣ አንዳንዶቹም እግራቸው እንዳይቆረጥ የሚሰጉ ነበሩ። እንዲህ ባለ ታማሚ ላይ ያለ ቢላ 87 በመቶ ስኬት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪሞችም በጉጉት ቢቀበሉት አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ የንጽጽር ቡድን አልነበረም። መሣሪያው የተሰጠው ለሁሉም ነው። ከመሣሪያው ጋር ደግሞ ሌላ ነገርም አብሮ ተሰጥቷል፤ ታማሚው እግሩ በጀሶ እንዲታሰር፣ በተሰበረው እግሩም ክብደት እንዳይጥል፣ በክራንች ብቻ እንዲሄድ ይታዘዝ ነበር። አልገጥም ላለ አጥንት ይህ ተራ ነገር አይደለም። በስብራቱ ጫፎች መካከል ያለው እንቅስቃሴ ከመጠን ካለፈ፣ ሰውነት ክፍተቱን በአጥንት ከመሙላት ይልቅ በጅማት መሰል ሥጋ ይሞላዋል፤ እንቅስቃሴው ሲገታ ግን ያ ሥጋ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ ከ87 በመቶው ውስጥ ስንቱ የመስኩ፣ ስንቱ የጀሶው፣ ስንቱስ የጊዜው ሥራ ነው? ይህን ከባሴት ሥራ ማወቅ አይቻልም ነበር።

የሼፊልዱ ሙከራ

በሼፊልድ ይህን ጥያቄ አንስተው ለመመለስ የተነሡት አንቶኒ ባርከር የተባሉ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና ሻራርድ የተባሉ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ነበሩ። የሁለቱ ሙያ መገናኘቱ ለጉዳዩ ጠቃሚ ነበር፤ አንዱ ከጥቅሉ የሚወጣውን መስክ ለክቶ ማወቅ የሚችል፣ ሌላው ያልገጠመን አጥንት መዳኑ ከዘገየ አጥንት ለይቶ ማወቅ የሚችል ነው።

ሙከራው የተዋቀረው ታማሚውም ሆነ የሚከታተለው ሐኪም የትኛው መሣሪያ ለማን እንደተሰጠ በማያውቁበት መንገድ ነው። ሁለቱም ቡድኖች በሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኑ። ሁሉም ታማሚዎች ከጭን እስከ እግር ጣት በሚደርስ ሙሉ ጀሶ ታሰሩ፤ ሁሉም በተሰበረው እግራቸው እንዳይረግጡ ተነገራቸው፤ ሁሉም ጥቅሉን አሥረው ሣጥኑን ሰክተው አደሩ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የቀረው ልዩነት መስኩ ብቻ ነበር። ይህን ማድረግ ለሐኪም ከባድ ውሳኔ እንደሆነ መረዳት ይገባል። ከአንድ ዓመት በላይ በሥቃይ ለቆየ ሰው፣ ባሕር ማዶ 87 በመቶ ያድናል የተባለ መሣሪያ እያለ፣ የማይሠራውን የማግኘት ዕድል እንዳለው አስረድቶ ፈቃዱን መጠየቅ ማለት ነው። ይሁንና ሕክምናው በእርግጥ እንደሚሠራ ያረጋገጠ ሰው እስካልነበረ ድረስ፣ ከዚህ የበለጠ ለታማሚዎች የሚበጅ መንገድ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ያለዚህ ሙከራ በዓለም ዙሪያ ሺዎች ጥቅሙ ያልታወቀ ነገር ለወራት አሥረው ያድሩ ነበርና።

ውጤቱ ከላይ የተጠቀሰው ነው፤ 5 ከ9፣ 5 ከ7። በመቶኛ ሲሰላ ትክክለኛው መሣሪያ 56፣ የይስሙላው 71 ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ «የይስሙላው ይበልጣል» ማለት ስሕተት ነው፤ በ16 ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል። በተመሳሳይ መንገድ «መስኩ ፈጽሞ አይሠራም» ማለትም አይቻልም፤ መካከለኛ የሆነ ጥቅም ቢኖረው እንኳ 16 ሰው ያንን ለማየት አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዘገባቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ብለው ነው ያቀረቡት።

የጉዳዩ ቁም ነገር ያለው ከሰባቱ ዘንድ ነው። እነዚህ ሰባት ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ አጥንታቸው ሳይገጥም ኖረዋል። በስድስት ወር ገደማ ውስጥ አምስቱ ገጠመላቸው። ያገኙት ሕክምና ጀሶ፣ አለመርገጥና ክትትል ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዱ ሆስፒታሉን ለቅቆ ሲወጣ ምን ይናገር እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ «ዓመት ሙሉ ያልገጠመው አጥንቴ በመግነጢሱ ገጠመ» ቢል አይዋሽም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ከመሣሪያው በፊት አልገጠመም፤ ከመሣሪያው በኋላ ገጠመ። ራጁም ይመሰክርለታል። ሆኖም መስክ አላገኘም። ምስክርነቱ ቅን ሆኖ መደምደሚያው ግን ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ዛሬ ምንጣፍ ሲሸጥ ከፊት የሚሰለፉት ምስክርነቶች ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ከስድስት ዓመት በኋላ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ሻራርድ ጥያቄውን አልተዉትም። በ1990 የራሳቸው ሌላ ሙከራ ውጤት በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ይህኛው በብዙ ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን ታማሚዎቹ ከመጀመሪያው የተለዩ ነበሩ። የቅልጥም ስብራታቸው ከ16 ሳምንት በላይ፣ ከ32 ሳምንት በታች የሆነው፣ ማለትም መዳኑ የዘገየ እንጂ ገና «አልገጠመም» ተብሎ ያልተፈረደበት 45 ስብራት ተመረጠ። ሁሉም በጀሶ ታሰሩ፤ 20ዎቹ የሚሠራ፣ 25ቱ የይስሙላ መሣሪያ አገኙ። ከ12 ሳምንታት በኋላ ራጆቹን የማን እንደሆኑ ሳያውቁ አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪምና አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ለየብቻቸው መረመሯቸው።

የራዲዮሎጂ ሐኪሙ መስክ ካገኙት 20ዎቹ 5ቱ ገጥመዋል፣ 5ቱ ወደ መግጠም እየሄዱ ነው፣ 10ሩ ግን ለውጥ የላቸውም አሉ። መስክ ካላገኙት 25 ውስጥ የገጠመው 1፣ ወደ መግጠም የሚሄደው 1፣ ለውጥ የሌላቸው 23 ነበሩ። የቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ከመጀመሪያው ቡድን 9፣ ከሁለተኛው 3 ገጥመዋል አሉ። በሁለቱም ዳኝነት ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ነበር። የሁለቱ ቡድኖች የዕድሜ ስብጥር እኩል ባይሆንም፣ ዕድሜ ውጤቱን እንዳልለወጠው በስሌት ተረጋግጧል ተብሎ ተዘግቧል።

እንግዲህ አንድ ቀዶ ሐኪም፣ አንድ አጥንት፣ አንድ ዓይነት ሕክምና፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ሻራርድ በመጀመሪያው ውጤት ተስፋ ቆርጠው ነገሩን አላጣጣሉትም፤ በሁለተኛው ውጤትም የመጀመሪያውን አልደበቁም። ይህ በሙያው ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ ጠባይ አይደለምና በአክብሮት ሊነሣ ይገባዋል።

ሁለቱን ውጤቶች እንዴት እናስታርቃቸው? እኔ በመጀመሪያ የማየው ጊዜውን ነው። የ1984ቱ ሙከራ ታማሚዎቹን የተከታተለው ለ24 ሳምንታት ሲሆን፣ የ1990ው ውጤት የተለካው በ12ኛው ሳምንት ነው። በሁለተኛው ሙከራ ለውጥ አልታየባቸውም የተባሉት 23 ሰዎች ሌላ 12 ሳምንት በጀሶ ቢቆዩ ኖሮ ስንቶቹ ይገጥሙ እንደነበር ከሙከራው አይታወቅም፤ የ1984ቱ ሰባት ሰዎች ግን ጥቂት የማይባሉት ሊገጥሙ ይችሉ እንደነበር ይጠቁማሉ። በዚህ ንባብ መስኩ የሚያደርገው ነገር ካለ፣ በጀሶ ብቻ ኋላ ሊመጣ የሚችለውን ማፋጠን ነው። ማፋጠን በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሦስት ወር ቀድሞ ወደ ሥራው የሚመለስ ሠራተኛ ዋጋውን ያውቃል። ሆኖም «ያፋጥናል» እና «ያድናል» የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ናቸው። ሁለተኛው ልዩነት የታማሚዎቹ ነው፤ የአንድ ዓመት ያልገጠመ ስብራትና የአምስት ወር የዘገየ ስብራት በውስጣቸው ያለው ሥጋ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ትልልቅ ሥራዎች ሚዛኑን ወደ ጥንቃቄው አጋደሉት። በ2011 አራት ሙከራዎችንና 125 ሰዎችን ያጣመረው፣ የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ ውጤቱ ወደ መስኩ ያዘነበለ ቢሆንም ከአጋጣሚ ሊለይ እንዳልቻለ ደመደመ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች አዲስ የቅልጥም ስብራት ባጋጠማቸው 259 ሰዎች ላይ የተካሄደ ሙከራ ታተመ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አጥንታቸው ባለመግጠሙ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው፣ መስክ ካገኙት 15 በመቶ፣ ካላገኙት 13 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ መሣሪያውን በታዘዘው ልክ የተጠቀሙት ብቻ ተለይተው ሲታዩም ልዩነት አልተገኘም። በ2016 ደግሞ ሌሎች የኤሌክትሪክ ማነቃቂያዎችን ጨምሮ 15 ሙከራዎችን የሰበሰበ ጥናት፣ በራጅ ሲታይ የማይገጥመው ስብራት በሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስና ሕመሙም እንደሚረግብ፣ ታማሚው በእግሩ መሥራት በሚችለው ነገር ላይ ግን ልዩነት እንዳልታየ ገለጸ። እንግዲህ አርባ ዓመት ከተደከመበት በኋላ፣ እጅግ በተጠናበት በአጥንት ላይ እንኳ፣ መልሱ «ለአንዳንዱ ስብራት ሊያግዝ ይችል ይሆናል» ከሚለው አላለፈም።

ከጀሶው ወደ ምንጣፉ

ከአጥንት ወደ ምንጣፍ በሚደረገው ሽግግር ውስጥ የሚጠፋው ዋናው ነገር መጠን ነው። «በምት የሚሰጥ መግነጢሳዊ መስክ» የሚለው ስም የመስኩን ጥንካሬ፣ የምቱን ፍጥነት፣ የሰዓቱን ርዝመትም ሆነ የበሽታውን ዓይነት አይናገርም። በገበያ ላይ ካሉት ምንጣፎች መካከል ከምድር መስክ የማይበልጥ ጥንካሬ ያላቸው አሉ፤ በሌላ ጫፍ ደግሞ ጡንቻ እስኪርገበገብ ድረስ የሚመቱ ትልልቅ ማሽኖች አሉ። በአንዱ መጠን የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

ለዚህ ከባርከር ከራሳቸው ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የአጥንቱ ዘገባ በታተመ በዓመቱ፣ በ1985፣ ባርከር ከሬዛ ጃሊኑስና ከኢያን ፍሪስተን ጋር ሆነው፣ እዚያው ሼፊልድ፣ አንድ የሽቦ ጥቅል በሰው ራስ ላይ አድርገው የአንጎልን የእንቅስቃሴ ክፍል ያለ ቀዶ ሕክምና በመቀስቀስ የሰውየው እጅ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ይህ ዘዴ በኋላ አድጎ በ2008 ኤፍዲኤ መድኃኒት ላልረዳው የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና እንዲውል ፈቅዶታል። የአንጎሉ መሣሪያ የሚያመነጨው መስክ ግን ወደ 2 ቴስላ ይጠጋል፤ ከአጥንቱ መሣሪያ ሺህ እጥፍ ያህል ማለት ነው፤ ጥቅሉ የት እንደሚቀመጥና ስንት ምት እንደሚሰጥም በሐኪም ይወሰናል። ሁለቱንም «መግነጢሳዊ ምት» በሚል ስም ማጣመር ይቻላል፤ የአንዱን ፈቃድ ለሌላው ማስታወቂያ ማድረግ ግን ገዢውን ማሳሳት ነው። በ2003 የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር ናሳ ያሳተመው ዘገባም እንዲሁ በሻጮች ዘንድ ይጠቀሳል፤ ያ ሥራ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ባደጉ የነርቭ ሕዋሳት ላይ የተደረገ እንጂ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሞከረ ሕክምና አልነበረም።

ለጉልበት ሕመም የተሻለው ማስረጃ በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ነው። ዘጠኝ ሙከራዎችንና 636 ሰዎችን ያጣመረ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 100 በሚለካ ሚዛን ሕመም በ15 ነጥብ ያህል እንደቀነሰ፣ በእንቅስቃሴና በአኗኗር ጥራት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳልታየ አገኘ። 15 ነጥብ ከምንም ይሻላል፤ በደረጃ ሲወጡ የሚያቃስቱ እናት ዘንድ ትንሽ እፎይታም ዋጋ አለው። ሆኖም ይህ ማስረጃ የሚሠራው ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ለእንቅልፍ፣ ለስኳር ወይም ለደም ግፊት አይዘረጋም። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ደግሞ ለጉልበት ከዚህ የጠለቀ ማስረጃ ያላቸው ናቸውና ምንጣፉ ቦታቸውን ሊወስድ አይገባም።

አንድ ነገር ስለ መንግሥት ፈቃድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በአሜሪካ አንድ አምራች በኤፍዲኤ «ተመዝግቧል» ማለት ድርጅቱና ዕቃው በመዝገብ አሉ ማለት ብቻ ነው፤ መመዝገብ ማጽደቅ እንዳልሆነ ደንቡ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ፈቃድ ያገኘ መሣሪያም ቢሆን የተፈቀደለት ለተወሰነ ሕመም ነው። የ1979ኙ ፈቃድ ላልገጠመ ስብራት የተሰጠ ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት «ፈቃድ አለው?» ብሎ ሳይሆን «ለየትኛው ሕመም፣ በየትኛው መጠን፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብሎ ነው።

በአገራችን የሼፊልዱ ጉዳይ የሚነካው ሌላ ነገርም አለ። ስብራት ሲደርስ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ከወጌሻ ዘንድ የዳነም ብዙ ነው። አብዛኛው ስብራት ቦታው ላይ ሆኖ ሳይንቀሳቀስ ከተያዘ በራሱ የሚገጥም ስለሆነ፣ በጥሩ ሁኔታ ያሰረ ወጌሻ ያገኘውን ውጤት ማናናቅ አይገባም። ነገር ግን «ወጌሻው አድኖኛል» የሚለው ምስክርነት ከሼፊልዶቹ ሰባት ሰዎች ምስክርነት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አጥንቱ ያለ ማሸቱ ይገጥም ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ጉዳቱ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው። ከመጠን በላይ ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ምክንያት ደም ተቋርጦበት እግሩ ወይም እጁ የተቆረጠ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እንደሚታይ ሐኪሞቻችን በሕክምና መጽሔቶች ጽፈዋል። የመግነጢሱ መሣሪያ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም። የእርሱ ጉዳት ያለው በሚያባክነው ጊዜ ነው፤ በስብራቱ ውስጥ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ካለ፣ ጫፎቹ ከተራራቁ፣ ወይም በመካከላቸው የሐሰት መገጣጠሚያ ከተፈጠረ፣ የቀዶ ሐኪም እጅ እንጂ መስክ አያድነውም፤ ባሴት ራሳቸውም ጫፎቻቸው የተራራቁትንና የሐሰት መገጣጠሚያ የተፈጠረባቸውን ለመሣሪያቸው የማይሆኑ ብለው ይለዩዋቸው ነበር።

ስለዚህ ቅልጥሙ ከተሰበረ ስድስት ወር አልፎት ሲረግጥ አሁንም የሚያመው ሰው፣ ምንጣፍ ከመግዛቱ በፊት አዲስ ራጅ ተነሥቶ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፣ ስኳር ካለበት ይቆጣጠር፤ ሁለቱም የአጥንትን መዳን እንደሚያዘገዩ የታወቀ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ካዘዘለት፣ ከጀሶው ወይም ከብረቱ ጋር እንጂ በእነርሱ ፋንታ እንዳልሆነ ይወቅ። ለጉልበቷ ምንጣፍ የምትፈልግ እናት ያላቸው ልጆችም፣ ገንዘባቸው የሚመለስበትን ጊዜ አረጋግጠው ለተወሰነ ሳምንት ሊሞክሩት ይችላሉ። በደረቷ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ፣ በጆሮዋ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ወይም በሰውነቷ ላይ የኢንሱሊን ፓምፕ ካለ ግን መሣሪያው ሊታወክ ስለሚችል ምንጣፉን ከመክፈታቸው በፊት ሐኪሟን ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር የሆነችና የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ።